ስኖውሞቢልን በቤት መንከባከብና መጠገን

ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ያለው ማሽን) ሲበላሽ እንደ መኪና ዳር ይዞ ተጎታች መጥራት ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከመንገድ ርቆ፣ ሐይቅ ላይ ወይም ጫካ ውስጥ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 25 ዲግሪ በሚደርስበት፣ ፀሐይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በምትጠልቅበት ወቅት ነው። በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና ገንዘብ መቆጠቡ አንድ ነገር ሆኖ፣ ዋናው ጥቅሙ የወጣ ሰው እንዲመለስ ማድረጉ ነው።

ማሽኑ በድንገት የሞተ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ብልሽት የተጀመረው ባለፈው ጸደይ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ የተረሳ ቤንዚን፣ ሳይታይ የቆየ ቺንጋ፣ ውኃ ገብቶበት የቀረ ኩሽኔታ፤ ሁሉም በጋውን ዝም ብለው ይከርሙና በጥር ብርድ ይገለጣሉ። ከዚህ በታች የምናብራራው በአንድ ጋራዥ፣ በተራ መፍቻዎችና በጥቂት ትዕግሥት ሊሠራ የሚችለውን ነው።

የአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ የካናዳዋ አልበርታ ወይም ሰሜን ስዊድን ለሚኖር አንባቢ ያገለገለ ስኖውሞቢል ማግኘት ቀላል ነው። ፖላሪስ የተመሠረተው በሚኒሶታ ሮዞ ከተማ ነው። አርክቲክ ካት ደግሞ እዚያው ግዛት ውስጥ ከምትገኘው ቲፍ ሪቨር ፎልስ የወጣ ነው። ስኪዱ ከ1959 ጀምሮ ኩቤክ ውስጥ ቫልኩር ላይ ይመረታል። ያማሃ ከ2025 ሞዴል በኋላ ስኖውሞቢል መሥራት እንደሚያቆም በ2023 አስታውቆ ነበር። የገዙት ማሽን የየትኛውም ድርጅት ይሁን፣ የሞዴሉን የጥገና መመሪያ ያግኙ። እዚህ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚሠሩ ቢሆኑም የመጨረሻው ቃል የመመሪያው ነው።

ኃይሉ ከሞተር ወደ በረዶ እንዴት ይሄዳል?

ሞተሩ ዋናውን ዘንግ (ክራንክሻፍቱን) ያዞራል። በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ፊተኛው ፍሪሲዮን ተገጥሟል፤ ከእሱ በስተኋላ ኋለኛው ፍሪሲዮን አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰፊ የጎማ ቺንጋ ነው። ማርሽ መቀየር የለም። ሞተሩ ሲፈጥን በፊተኛው ፍሪሲዮን ውስጥ ያሉ ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወሩና ሁለቱን ሳህኖች ያቀራርባሉ፤ ቺንጋው ተጨምቆ ወደ ላይ ይወጣል። ርዝመቱ ስለማይለወጥ በኋለኛው ፍሪሲዮን ላይ ሳህኖቹን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በዚህ መንገድ ጥምርታው ያለ ማቋረጥ ይለዋወጣል።

ከኋለኛው ፍሪሲዮን ዘንግ ጉዞው ወደ ካቴና ቤት ነው። እዚያ በዘይት ውስጥ የሚዞር ካቴና ኃይሉን ወደ ታችኛው ዘንግ ያወርዳል። በዚያ ዘንግ ላይ ያሉት ጥርሶች ትራኩን (በረዶውን እየረገጠ ማሽኑን የሚገፋውን ሰፊ የጎማ ቀበቶ) ይዘው ይጎትታሉ። ትራኩ የሚንሸራተተው በሁለት የፕላስቲክ ሐዲዶች ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ድምፅ ሲሰማ ወይም ኃይል ሲቀንስ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት

ሁለት ነገሮች ሰው ይገድላሉ። አንደኛው የማርሚታው ጭስ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ለአጭር ጊዜ እንኳ ሞተር አያስነሱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የጋራዡን በር በግማሽ መክፈትም አይበቃም። ማሽኑን ወደ ውጭ ይግፉት። ሁለተኛው ከመሬት ተነሥቶ የሚዞር ትራክ ነው። ከትራኩ የተላቀቀ የብረት ጥርስ ወይም የበረዶ ድንጋይ እንደ ጥይት ይወጣል። የኋላውን ክፍል ከፍ አድርገው ትራኩን ሲያዞሩ ማንም ሰው ከኋላ እንዳይቆም፤ ማንሻው ጽኑ ይሁን፤ ነዳጁንም ትራኩ ቀስ ብሎ እስኪዞር ብቻ ይስጡ። የቺንጋው ሽፋን በተከፈተ ጊዜ ሞተር አይነሳም። ሻርፕና የተንጠለጠለ የጃኬት ገመድ ከሥራው ቦታ ይራቁ።

ቤንዚኑና ዘይቱ

አብዛኞቹ ያገለገሉ ስኖውሞቢሎች ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። እንደ መኪና ሞተር ከታች የዘይት መያዣ የላቸውም። ክራንክሻፍቱን፣ ኩሽኔታውንና ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚገባው ዘይት ነው፤ ፒስተኑን ከውስጥ የሚያቀዘቅዘውም ራሱ ገቢው ቤንዚን ነው። ስለዚህ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል ብቻ ሳይሆን ይግላል፣ ቅባትም ያጣል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ይበሳል ወይም ይነክሳል። ስለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከዚህ የሚበልጥ ማወቅ ያለብዎት ነገር የለም። ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሮጌዎቹ ሞዴሎች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ መቀላቀል ይፈልጋሉ። በ50 ለ 1 ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በ40 ለ 1 ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር ይገባል። መጀመሪያ ዘይቱን ከጥቂት ቤንዚን ጋር ጀሪካን ውስጥ ያንቀጥቅጡ፣ ከዚያ ቀሪውን ይጨምሩ። በጣም በቀዘቀዘ ቤንዚን ላይ በቀጥታ የተጨመረ ዘይት ከታች ይቀመጣል። «ትንሽ ጨመር ባደርግ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይጎዳል፤ የበዛው ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። ልክ ማለት ልክ ነው።

የዘይት ፓምፕ ባላቸው ሞዴሎች ዘይቱ ለብቻው በራሱ ጋን ይቀመጣል። ፓምፑን ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚያገናኝ ገመድ አለ፤ በፓምፑ አካልና በሚንቀሳቀሰው እጁ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች መመሪያው በሚለው ቦታ መገጣጠም አለባቸው። ገመዱ ከላላ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሄደው ዘይት ያንሳል። የዘይት ቱቦውን ከነቀሉ ወይም ጋኑ ባዶ ሆኖ ከነበረ፣ በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እስኪጠፋ ድረስ በፓምፑ ማስተንፈሻ ብሎን አየሩን ያውጡ። ለዚያች የመጀመሪያ ጉዞም በቤንዚኑ ጋን ውስጥ በ50 ለ 1 የተቀላቀለ ቤንዚን ይጠቀሙ። የጀልባ ሞተር ዘይት አይገባም፤ ለሌላ ዓይነት ሙቀት የተሠራ ነው። ለስኖውሞቢል የተዘጋጀው በከባድ ብርድም መፍሰሱን አያቆምም።

ቤንዚኑን በተመለከተ ትልቁ ጠላት ኢታኖል ነው። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ውኃው ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ጋኑ ግርጌ ይወርዳል፣ ሞተሩም መጀመሪያ የሚጠጣው እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ 15 በመቶ ኢታኖል ያለውን ቤንዚን በስኖውሞቢል መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ማደያ ላይ ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንዳይቀዱት። ሚኒሶታ ውስጥ ለስኖውሞቢልና ለትንንሽ ሞተሮች የሚሸጥ ኢታኖል የሌለው ቤንዚን አለ። ዋጋው ከፍ ቢልም ለካርቡሬተር ሞተር ልዩነቱን ያወጣል።

ካርቡሬተሩን ማጽዳት

ማሽኑ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ) ተስቦ ብቻ የሚነሳ፣ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ፣ ወይም ነዳጅ ካልሰጡት በዝግታ መቆም የማይችል ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዝግታ ጄቱ መደፈን ነው። ጄት ማለት በመካከሉ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። በበጋ ቤንዚኑ ሲተን የሚቀረው ዝልግልግ ነገር ይህን ቀዳዳ ይዘጋዋል። በዚህ ሁኔታ በቾክ እየነዱ መሄድ አደገኛ ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ካርቡሬተር ተደፍኖ ያለ ቤንዚን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ይኸውና። መጀመሪያ ውጪውን ያጽዱ፤ ካርቡሬተሩ ሲወጣ አሸዋ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። የቤንዚኑን ቱቦ ይንቀሉ፣ የአየር ሳጥኑን ያውጡ፣ ማሰሪያዎቹን አላልተው ካርቡሬተሩን ከጎማ አንገቱ ይሳቡት። በላይኛው ክዳን በኩል የሚወጣው ተንሸራታችና መርፌው ከገመዱ ጋር ተንጠልጥለው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሏቸው። ግራና ቀኙ እንዳይምታታ በቴፕ ምልክት ያድርጉ። የታችኛውን ሳህን የያዙት ብሎኖች በጃፓን ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ተራ የመስቀል ካቻቢቴ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። የጃፓን ልክ ካቻቢቴ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ይግዙት።

ሳህኑ ሲከፈት መካከል ላይ ዋናው ጄት ይታያል፣ ከአጠገቡ በጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ የዝግታ ጄቱ አለ። ሁለቱንም ያውጡና ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ። ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ ሆኖ መታየት አለበት። በካርቡሬተር ማጽጃ ነክረው በአየር ይንፉት። ሽቦ ወይም መሰርሰሪያ አያስገቡ፤ ቀዳዳው የሚለካው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ ጭረት ልኩን ይለውጠዋል። በጎን ያለውን የአየር ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ እያጠበቁ ዙሩን ይቁጠሩ፣ ይጻፉት፤ ሲመልሱ በዚያው ቁጥር ያላሉታል። ከዚያ በካርቡሬተሩ አካል ውስጥ ያሉትን መተላለፊያዎች በሙሉ በአየር ይንፉ። ጄቱ ንጹሕ ሆኖ መተላለፊያው የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰዎች «አጽድቼው ነበር፣ ምንም አልተለወጠም» የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመመለስዎ በፊት ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የጎማ አንገት በእጅ አጥፈው ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ከሆነ ሳይለኩት የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፤ ያ አየር ቤንዚኑን ያቀጥነዋል፣ ፒስተኑን ያቃጥላል። በስንጥቁ ላይ ሲሊኮን መቀባት መፍትሔ አይደለም፤ ይቀየር። በተመሳሳይ ምክንያት የአየር ሳጥኑን አውጥቶ መንዳት አይቻልም፤ ጄቶቹ የተመረጡት ሳጥኑ እንዳለ ታስቦ ነው። ሁለት ካርቡሬተር ካለ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብለው ሲጫኑ ሁለቱ ተንሸራታቾች እኩል መነሳታቸውን ያረጋግጡ። አንዱ ቀድሞ ከተነሳ በገመዱ ማስተካከያ ያመጣጥኑ።

ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብርዱ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል። ከፍታ ሲጨምር ተቃራኒው ነው። በኮፈኑ ውስጥ ወይም በመመሪያው የሚገኘው የጄት ሠንጠረዥ የተሠራው ለዚህ ነው። ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ያላቸው ሞዴሎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ በእነሱ ላይ የቤት ሥራው የነዳጅ ማጣሪያ፣ ጥሩ ቤንዚንና ያልደከመ ባትሪ ነው።

አልነሳ ሲል

በቅደም ተከተል መሄድ እንጂ የማስነሻ ገመዱን ደጋግሞ መጎተት አያስፈልግም። መጀመሪያ ቁልፉ፣ ቀዩ ማጥፊያና ከልብስዎ ጋር የሚታሰረው የደኅንነት ገመድ በቦታቸው ናቸው? ፖላሪስና አርክቲክ ካት በነዳጅ መስጫው ውስጥ ሌላ የደኅንነት ማጥፊያ አላቸው፤ የነዳጅ ገመዱ ከላላ ወይም ካርቡሬተሩ በረዶ ይዞት ካልተመለሰ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል) ገዝቶ ይቀይራል።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹን ያውጡ። ደረቅ ከሆኑ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም። የነዳጅ ፓምፑ የሚሠራው ከሞተሩ ሆድ በሚመጣ የአየር ግፊት ነው፤ ያንን ግፊት የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀ ፓምፑ ዝም ይላል። ጋኑ ውስጥ ያለው ቱቦ ጠንክሮ ተሰንጥቆም ይሆናል። ርጥብ ከሆኑ ግን ቤንዚኑ አለ፣ የጠፋው ብልጭታ ነው ወይም ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ታፍኗል። ለታፈነው ካንዴላዎቹን አድርቁ፣ ማጥፊያውን ዝጉ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዘው ገመዱን ብዙ ጊዜ ይጎትቱ፤ ከዚያ ያለ ቾክ ይሞክሩ። ብልጭታ ለማየት ካንዴላውን በኮፍያው ውስጥ ከተው ብረቱን ከሞተሩ ጋር ያስነኩ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ያርቁት፣ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጭስ ይነድዳል።

ኤንጂኬ ቢአር9ኢኤስ በብዙ ባለ ሁለት ምት ስኖውሞቢሎች ላይ የሚገባ ካንዴላ ነው። ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲገጥሙ በእጅ እስኪነካ ያዙሩት፣ አዲስ ከሆነ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይጨምሩ። የካንዴላው ቀለም ብዙ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። ነጭ ሆኖ በላዩ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ የብረት ነጠብጣቦች ካሉበት፣ የፒስተኑ አሉሚኒየም እየቀለጠ ነው፤ ሞተሩን ዳግመኛ አያስነሱ።

ብልጭታም ቤንዚንም ካለ የሚቀረው ግፊት ነው። ርካሽ የግፊት መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ ይገጠማል። ሁለቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ ኮፍያዎቻቸው ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካኩ፣ አለዚያ ኮይሉ ይጎዳል። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተይዞ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም ገመዱ ይጎተት። በብዙ ሞተሮች ከ110 እስከ 130 ፒኤስአይ ይገኛል፤ ከቁጥሩ ይልቅ አሳሳቢው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፣ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ይህን መለኪያ በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝተዋል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወዲያው መክነፍ የራሱ ጉዳት አለው። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ አሉሚኒየሙ ፒስተን በፍጥነት ግሎ ይሰፋል፣ ሲሊንደሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፒስተኑ ግድግዳውን ይፍቃል። የማቀዝቀዣው ቱቦ በእጅ ሲነካ ሞቅ እስኪል ድረስ በዝግታ ይቆይ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትርም በለሆሳስ ይንዱ።

ቺንጋውና ሁለቱ ፍሪሲዮኖች

ቺንጋ ለማውጣት ሞተሩ ይጥፋ፣ የደኅንነት ገመዱ ይነቀል፣ ሽፋኑ ይከፈት። ኋለኛውን ፍሪሲዮን በማሽኑ መሣሪያ ወይም እየጠመዘዙ በመግፋት ሳህኖቹን ይክፈቱ፤ ቺንጋው ይረግባል። መጀመሪያ ከኋለኛው በላይ አሻግረው፣ ከዚያ ከፊተኛው ያውጡት። ሲመልሱ ፊተኛው ላይ መጀመሪያ ይገባል። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ውስጡ ያለውን ክር ይቆርጠዋል። ከመውጣቱ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ይመዝግቡ፤ የተለማመደ ቺንጋ ተገልብጦ ሲገባ ዕድሜው ያጥራል።

ቺንጋው ራሱ ታሪኩን ይናገራል። በአንድ ቦታ ብቻ ጎኑ ተበልቶ ቀጥኖ ከሆነ፣ ትራኩ መሬት ላይ በረዶ ይዞት ሳለ ነዳጅ ተሰጥቷል ማለት ነው። ጎኑ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ከሆነ እየተንሸራተተ ነበር። ጥርስ ከጎደለ፣ ክር ከወጣ ወይም ስንጥቅ ካለ ወዲያው ይቀየር። ስፋቱን በካሊፐር ይለኩ፤ ከአዲሱ ልክ 3 ሚሊ ሜትር ካነሰ አልቋል። የቀጠነ ቺንጋ ማሽኑ ሲነሳ እንዲነጥቅና ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲቀንስ ያደርጋል። ትራኩ በረዶ ይዞት እንዳይሆን ጠዋት ከመንዳትዎ በፊት ስኪዎቹን (ከፊት ያሉትን ሁለት መንሸራተቻዎች) ወዲያና ወዲህ ያነቃንቁ፣ ኋላውን በእጅ አንስተው ይልቀቁት፤ ይህ ልማድ ብቻውን ብዙ ቺንጋ ያድናል።

አዲስ ቺንጋ በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ከፋብሪካው የሚመጣው ቅባት ያንሸራትተዋል። የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትሮች ሳይከንፉ ይንዱት። ከገባ በኋላ የቺንጋው ጀርባ ከኋለኛው ፍሪሲዮን ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት። በጣም ከጠበቀ ማሽኑ ነዳጅ ሳይሰጠው ወደፊት ይሳባል፤ በጣም ከሰመጠ ሲነሳ ይዘገያል። ልኩ በኋለኛው ፍሪሲዮን ማስተካከያ ይያዛል።

የፍሪሲዮኖቹ ሳህኖች ላይ ዘይትም ግሪስም ፈጽሞ አይነካም። በአሴቶን ወይም በፍሬን ማጽጃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ የቺንጋውን ብናኝ በአየር ያስወግዱ፤ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ሳህኑን ይዘው ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ውስጡ ያለው ቡሽ ተበልቷል። እዚህ ላይ ያቁሙ። ፊተኛው ፍሪሲዮን ከክራንክሻፍቱ የሚወጣው በልዩ መሳቢያ ብቻ ነው፤ በመዶሻ የመታው ሰው ክራንክሻፍት ይገዛል። ውስጡ ያለው ሞላም ተጨምቆ የተቀመጠ ነው፣ ክዳኑ በግዴለሽነት ሲፈታ ፊት ይመታል። ይህን፣ የክራንክሻፍት ኩሽኔታንና የሞተር ውስጥ ሥራን ለባለሙያ ይስጡ።

መለዋወጫ ቺንጋ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳና የእጅ መብራት ሁልጊዜ ከማሽኑ ጋር ይኑሩ። መለዋወጫ ቺንጋውን ደግሞ ከመያዝዎ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ገጥመው ይሞክሩት፤ ጓንት አውልቆ በጨለማ የመጀመሪያ ልምምድ ማድረግ ጣት ያስበላል።

የካቴና ቤት

ዘይቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። መጠኑ ትንሽ ነው፣ በብዙ ሞዴሎች ከ250 እስከ 350 ሚሊ ሊትር። የወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፣ የዘንጉ የጎማ ማተሚያ ይታይ። በማግኔቱ ብሎን ላይ ጥሩ የብረት ዱቄት ቢኖር የተለመደ ነው፤ ቁርጥራጭ ከሆነ ግን ካቴናው ወይም ጥርሱ እየተሰበረ ነው። ካቴናው በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ በጥርሱ ላይ ይዘልላል።

ትራኩ፣ ሐዲዶቹና ጎማዎቹ

ኋላውን ከመሬት አንሱና ትራኩን በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱን ክፍል ይመልከቱ፦ የተቀደደ፣ የብረት መያዣው የወደቀ፣ ክሩ የወጣ። ውጥረቱን ለማወቅ ብዙ መመሪያዎች በታችኛው ክፍል ላይ ወደ 7 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት እንዲንጠለጠል ያዛሉ፤ በትራኩና በሐዲዱ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይጠበቃል። ለማስተካከል የኋላውን ዘንግ ብሎን ያላሉ፣ ከዚያ በሁለቱ ጎን ያሉትን መወጠሪያዎች በእኩል ዙር ያዙሩ። የጠበቀ ትራክ ጉልበትና ሐዲድ ይበላል። የላላው ሲነዱ ወይም ፍሬን ሲይዙ በጥርሱ ላይ እየዘለለ ይደበድባል።

ከውጥረቱ በኋላ ቀጥታነቱ ይታያል። ሞተሩን ውጭ አስነስተው ትራኩን በዝግታ ያዙሩና ያጥፉ፤ በፍሬን አያስቁሙት። በግራና በቀኝ ያሉት የትራኩ መሪ ጥርሶች ከሐዲዶቹ ያላቸው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ትራክ ሁልጊዜ ወደ ላላው ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ሐዲዱ ከመሪ ጥርሱ ጋር የተጠጋበትን ጎን ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ ደግመው ያዙሩ፣ ደግመው ይመልከቱ። ሲጨርሱ የዘንጉን ብሎን ማጥበቅ አይርሱ፤ በጉዞ ላይ የሚፈታ ከሆነ ትራኩን ይቀደዋል።

የፕላስቲክ ሐዲዶቹ የሚለሰልሱትም የሚቀዘቅዙትም በበረዶው ነው። በባዶ ግግር ወይም በአስፋልት ላይ ሲነዳ ይቀልጣሉ፤ የሽታው መምጣት የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙዎቹ በጎናቸው የማለቂያ መስመር አላቸው፣ እሱ ከመነካቱ በፊት ይቀየሩ። የፊተኛውን ብሎን ፈትቶ አሮጌውን ወደ ኋላ መምታት፣ አዲሱን በሳሙና ውኃ አርሶ ማንሸራተት ይበቃል። በውኃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮችም የሚተማመኑት ትራኩ ከበላዩ ባለው ጣሪያ ላይ በሚረጨው በረዶ ስለሆነ፣ ግግር ላይ ለመንዳት በረዶ የሚፍቁ የብረት መጫሪያዎች ይገጠማሉ።

በትራኩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ትንሽ ጎማ በእጅ ያዙሩት። ከተንኳኳ ወይም ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ሄዷል። ቁጥሩ በጎኑ ተጽፏል፤ 6004 እና 6205 የተለመዱ ናቸው። ከመግዛትዎ በፊት የውስጡን ቀዳዳ ይለኩ፤ 20 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ፣ የሦስት አራተኛ ኢንች ዘንግ ያላቸውም አሉ፣ በዓይን አይለዩም። የሱስፔንሽኑን (ንዝረት የሚያበርደውን የሞላ ክፍል) መገጣጠሚያዎች በብርድ የማይጠጥር ግሪስ በእጅ ፓምፕ ይሙሉ፤ አሮጌው ግሪስና ውኃ እስኪወጣ ድረስ።

ስኪ፣ ፍሬንና ማቀዝቀዣ ውኃ

በስኪው ሥር ያለው የካርባይድ ዘንግ ውፍረቱ በግማሽ ሲያልቅ ይቀየር፤ መዞር ያቃተው ማሽን ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ከፊት ያለው የስኪዎቹ ርቀት ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ትክክል ነው። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ አብዛኞቹ ዶት 4 ይወስዳሉ፣ በሲሊኮን የተሠራው ዶት 5 ከእሱ ጋር አይቀላቀልም። ማቀዝቀዣው ግማሽ በግማሽ ከሆነ እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ አካባቢ ይቋቋማል። ከቀየሩት አየሩን በማስተንፈሻው ማውጣት ግዴታ ነው፤ የተረሳ አየር ሲሊንደሩን ያለ ውኃ ያስቀረዋል።

ሚኒሶታ ውስጥ ማሽኑ በግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ከታኅሣሥ 31 ቀን 1976 በኋላ የተወለደ ነዋሪ ለመንዳት የደኅንነት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

ጸደይ ሲመጣ

የዓመቱ ዋና ሥራ ይህ ነው። ጋኑን ይሙሉና የቤንዚን ማቆያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ፣ ከዚያ ውጭ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስነሱት፤ የታከመው ቤንዚን ካርቡሬተሩ ድረስ መድረስ አለበት። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የማከማቻ ዘይት በአየር መግቢያው ይርጩ፣ ከባድ ጭስ እስኪወጣ። ያጥፉት፣ ከዚያ የካርቡሬተሮቹን ሳህኖች በታችኛው ብሎን በኩል ያፍስሱ። ቺንጋውን አውጥተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ትራኩን ከመሬት ያንሱ፣ ባትሪ ካለ አውጥተው በየጊዜው ይሙሉት። ማሽኑን በላስቲክ አይጠቅልሉ፤ እርጥበት ይይዛል፣ የሚተነፍስ ልብስ ይሻላል።

አይጦች የአየር ሳጥኑን ለጎጆ ይወዱታል፤ ጎጆው የሚገኘውም በኅዳር ሞተሩ አየር ሲያጣ ነው። የማርሚታውን ጫፍና የአየር መግቢያውን በብረት ሱፍ ይድፈኑ። የደፈኑትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው በመሪው ላይ በሽቦ ይሰሩት፦ «የብረት ሱፍ፣ ሁለት ቦታ። ቺንጋ መደርደሪያ ላይ። ካንዴላ ይቀየር።»